ፌርማታ ደጃፍ ላይ ሲተከል

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚያከራይ ደላላ ከሁሉ አስቀድሞ የሚናገረውን ታስታውሳላችሁ፦ "ለፌርማታ ቅርብ ነው!" እውነትም ለፌርማታ ቅርብ መሆን ጸጋ ነው። ፌርማታው ራሱ መጥቶ ከግቢ በር ላይ ሲቆም ግን ነገሩ ይለወጣል። ይህን በቅርቡ ያየሁት ካትሌሆንግ ነው።

ካትሌሆንግ ለብዙዎቻችን እንግዳ ስፍራ አይደለም። በ1945 የተቆረቆረ ሰፈር ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፤ ስሙ በሶቶ ቋንቋ "የስኬት ስፍራ" እንደ ማለት ነው። ያንን ስኬት ፍለጋ ከሆሳዕናም ከዱራሜም ከአዲስ አበባም የመጣ ወገን በየመንገዱ ሱቅ ከፍቶ ይገኛል። አንድ ወዳጄም በአንዲት አረጋዊት ግቢ ውስጥ ጋራዣቸውን ተከራይቶ ይነግዳል። እሱ "ማማ" ይላቸዋል፤ እሳቸውም እንደ ሰፈሩ ሁሉ "ማይ ፍሬንድ" ይሉታል። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ኪራይ አላሳለፈባቸውም፤ እሳቸውም አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም።

አንድ ማለዳ ሠራተኞች መጥተው ከማማ በር በስተግራ ጉድጓድ ቆፍረው የፌርማታ ምልክት ተከሉና ሄዱ። ፌርማታው ቀድሞ የነበረው ከመስቀለኛው መንገድ ወዲህ፣ ሦስት ቤት ዝቅ ብሎ ነበር። ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር የሚሉ አሉ፤ ማማ ግን አላዩም።

መዛወሩ ያለ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም። አውቶቡስ ከመስቀለኛ መንገድ በፊት ሲቆም ከፊቱ የሚሻገረውን ሰው ከኋላው ከሚቀድሙት መኪኖች ይሸፍነዋል፤ ወደ ጎን የሚታጠፈውንም ያግዳል። ስለዚህ የመንገድ መሐንዲሶች ብዙውን ጊዜ ፌርማታውን ከመስቀለኛው ወዲያ ማድረግን ይመርጣሉ። ለተማሪዎች ሕይወት የታሰበ ሊሆን ይችላል። ይሁንና ካርታ ላይ ነጥብ የሚያኖር ሰው ነጥቡ የማን በር ላይ እንዳረፈ ላያይ ይችላል።

በካትሌሆንግ ደግሞ የአውቶቡስ ፌርማታ ማለት የአውቶቡስ ብቻ አይደለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሕጉ ከላላ ወዲህ የዚህ አገር ሕዝብ ዋነኛ ማመላለሻ ሚኒባስ ታክሲ ነው፤ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ይቆማል። እንደኛ አገር "ፒያሳ፣ ፒያሳ!" እያለ የሚጣራ ወያላ የለውም። ሾፌሩ ራሱ በጥሩምባ ይጣራል፤ ሒሳቡንም ተሳፋሪው ከኋላ ወደ ፊት ያቀባብላል። (ወያላን ያማረርን ሁሉ ጥሩምባውን ስንሰማ ናፍቆናል።) እናም ማማ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ ዐሥር ጀምሮ እንቅልፍ የላቸውም። ሰዉ አጥራቸው ላይ ይቀመጣል፤ የብርቱካን ልጣጩን ይጥላል። ከሁሉ የከፋው ግን የበሩ መዘጋት ነው። ልጃቸው ተማሪ በሚያመላልስበት መኪና ነው ቤቱ የሚተዳደረው፤ ጠዋት ሊወጣ ሲል ሁለት ታክሲ በሩ ላይ ተደርድሮ ያገኛል።

ወዳጄስ? ለእሱ ሲሳይ ነበር። ዳቦው ከረፋዱ በፊት ያልቃል፤ የስልክ ካርድና ነጠላ ሲጋራ የሚገዛው ሰው በዛ። "እግዜር ሱቄን ሳላንቀሳቅስ ገበያውን አመጣልኝ" ብሎኝ ነበር። ደስታው ግን ሁለት ሳምንት አልቆየም። "ፌርማታውን በገንዘቡ ያስመጣው ማይ ፍሬንድ ነው" የሚል ወሬ በሰፈሩ ተሰማ። ይህ ተስቆ የሚታለፍ ወሬ አይደለም። በሜይ 2008 በጆሃንስበርግ ዙሪያ በውጭ አገር ሰዎች ላይ የደረሰውን፣ በሴፕቴምበር 2019 ካትሌሆንግ ድረስ የመጣውን ዝርፊያ የሚያስታውስ ሰው በቀላሉ አያየውም።

ማማ አቤቱታ ሊያስገቡ ሲነሡ ፊርማ ጠየቁት። አመነታ። አንደኛ፣ ገበያው ሊሄድበት ነው። ሁለተኛ፣ በ2024 መጨረሻ ሱቆች ሁሉ እንዲመዘገቡ ከታዘዘ ወዲህ ስሙን ማዘጋጃ ቤት በሚሄድ ወረቀት ላይ ማየት አይወድም፤ የተመዘገበውም በማማ አድራሻ ነው። እኔን ቢያማክረኝ ፈርም አልሁት። ምክንያቴ ለሌሎች ወገኖችም ይጠቅም ይሆናል።

የ1996ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 33 የመንግሥት አስተዳደር ውሳኔ ሕጋዊ፣ ምክንያታዊና አሠራሩም ፍትሐዊ እንዲሆን መብት ይሰጣል፤ መብቱ የተጎዳበትም ምክንያቱን በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል። ቃሉ "ማንኛውም ሰው" ነው እንጂ "ዜጋ" አይልም። ይህንኑ ለማስፈጸም በ2000 የወጣው ሕግ ውሳኔውን ካወቁበት ቀን ጀምሮ በ90 ቀን ውስጥ ምክንያቱን ጠይቁ ይላል፤ መሥሪያ ቤቱም ጥያቄው ከደረሰው በኋላ 90 ቀን አለው። ፍርድ ቤት ለመሄድ ደግሞ ሳይዘገዩ፣ ቢበዛ በ180 ቀን ውስጥ ነው። እኛ ግን ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር እናጉረመርምና በሰባተኛው ወር ጠበቃ ፍለጋ እንወጣለን።

ሀብታሞቹ ይህን ያውቁበታል። ሪያ ቫያ የተባለው የጆሃንስበርግ ፈጣን አውቶቡስ በ2009 ሥራ በጀመረበት ዘመን፣ በሰሜኑ በኦክስፎርድ ሮድ ሊያልፍ የታሰበውን መስመር የባለቤቶች ማኅበራት በጽሑፍና በስብሰባ ተቃውመውት ነበር። በኋላ መስመሩ በሉዊስ ቦታ ጎዳና በኩል ወደ አሌክሳንድራና ሳንድተን ተዘረጋ። የካትሌሆንግ ማማ የባለቤቶች ማኅበር የላቸውም፤ የቀበሌያቸው ተመራጭና የሰፈሩ ስብሰባ ግን አለ።

ወዳጄ ፈረመ። ማማ ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና "ስምህ ይህ ነው እንዴ?" አሉት።

ስብሰባው ላይ እኔም ከኋላ ቆሜ ነበር። ማማ ወደ ድሮው ቦታ ይመለስ አሉ። የድሮው ቦታ ባለቤት ተነሥተው "ዐሥራ አንድ ዓመት ተሸክሜዋለሁ፤ እኔስ ሰው አይደለሁም?" ሲሉ ቤቱ ጸጥ አለ። እውነታቸውን ነው፤ ፌርማታ የሆነ ሰው ደጅ መቆሙ አይቀርም። መላውን ያመጣው ተማሪ አመላላሹ ልጅ ነው። ከመስቀለኛው ወዲያ ጥግ ላይ ያለው ቤት በሩ በሌላው መንገድ ስለሆነ፣ በዚህ በኩል ያለው ረጅም ባዶ ግንብ ብቻ ነው። ከማማ በር ሃያ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። መሐንዲሱ የሚፈልገው "ከመስቀለኛው ወዲያ" እንደሆነ ይቀራል፤ የማንም በር አይዘጋም፤ ዳቦ የሚፈልግም ሃያ አምስት እርምጃ አያቅተውም። የጥጉ ቤት ሰዎች የቆሻሻ መጣያና መብራት አብሮ ይምጣ የሚል ነገር አስጨምረው ተስማሙ።

ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ተጽፎ ገባ፤ አንዱ ላይ የመቀበያ ማኅተም ተመትቶበት ማማ ቤት ተቀምጧል። ዛሬ ሠላሳ ሰባተኛ ቀኑ ነው። ወዳጄ ከሲጋራው መደርደሪያ አጠገብ በሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ማታ ማታ ሱቁን ሲዘጋ አንድ ቀን ይሰርዛል። ታክሲዎቹ ዛሬም ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ጥሩምባቸውን ይነፋሉ።