«ነጻ»፣ «ክፍት»፣ «ተደራሽ»፦ ስለ ጥናት ኅትመት ስያሜዎች ማብራሪያ

ለሦስተኛ ዲግሪ የሚያጠኑ ተማሪዎች የምርምራቸውን ውጤት በመጽሔት ለማሳተም ሲዘጋጁ ከሚገጥሟቸው አዳዲስ ስያሜዎች አንዱ በእንግሊዝኛ «ኦፕን አክሰስ» የሚባለው ነው። ስያሜው በዩኒቨርሲቲዎች መመሪያ፣ በመጽሔቶች የውል ቅጽና በአማካሪ መምህራን ንግግር ዘወትር ይነሣል። በአማርኛ ግን አንዱ «ነጻ ኅትመት»፣ ሌላው «ክፍት ተደራሽነት» ሲለው፣ ሦስተኛው እንግሊዝኛውን እንዳለ በፊደላችን ይጽፈዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚህ አንድ ስያሜ ሥር የተጠቀለሉትን ጽንሰ ሐሳቦች ለያይቶ ማሳየትና ለእያንዳንዳቸው የሚስማማ ቃል መጠቆም ነው። ነገሩ የአነጋገር ውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ተማሪው የሚፈርመውን ውል፣ ለጥናቱ ቃሉን የሚሰጠውም ሰው የሚፈቅደውን ነገር በትክክል ማወቃቸው በስያሜው ላይ የተመሠረተ ነው።

1. የጽንሰ ሐሳቡ አመጣጥ

የሳይንስ መጽሔቶች ለረጅም ዘመን የኖሩት ቤተ መጻሕፍት በሚከፍሉት የደንበኝነት ዋጋ ነው። ተመራማሪው ጽሑፉን ያለ ዋጋ ይሰጣል፤ የሙያ አቻዎቹም በአብዛኛው ያለ ዋጋ ይመረምሩለታል፤ የታተመውን ለማንበብ ግን ይከፈላል። ኢንተርኔት ከተስፋፋ በኋላ አንድን ጽሑፍ አባዝቶ የማሠራጨት ወጪ እጅግ ስለ ቀነሰ ይህ አሠራር ጥያቄ ተነሣበት። እ.ኤ.አ. በ1991 የፊዚክስ ሊቃውንት ገና ያልታተሙ ጽሑፎቻቸውን ለሁሉም የሚያቀርቡበት «አርካይቭ» የተባለው ማከማቻ በአሜሪካ ተጀመረ። የካቲት 7 ቀን 1994 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2002) ደግሞ የቡዳፔስት መግለጫ ወጣ። መግለጫው ሁለት መንገዶችን አመለከተ፤ አንደኛው ደራሲው የጽሑፉን ቅጂ ለሕዝብ በተከፈተ ማከማቻ እንዲያኖር፣ ሁለተኛው አንባቢን የማያስከፍሉ መጽሔቶች እንዲቋቋሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የቤተዝዳና የበርሊን መግለጫዎች ተከተሉ።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2019 በዚያን ጊዜ የነበረው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በዚሁ ጉዳይ ላይ አገር አቀፍ ፖሊሲ አጽድቋል። ሚኒስቴሩ በ2014 ዓ.ም. ታጥፎ ሥራው ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተዛውሯል። ፖሊሲው በሕዝብ ገንዘብ ከተካሄደ ምርምር የተገኙ ጽሑፎች፣ የመመረቂያ ጥናቶችና መረጃዎች ለሁሉም ክፍት እንዲሆኑ ያዝዛል። ስለዚህ ዛሬ የዶክትሬት ተማሪ ጉዳዩን ማወቅ በምርጫው የተተወለት አይደለም።

2. ስለ «ነጻ»

«ነጻ» በአማርኛ ቢያንስ ሦስት ፍች አለው። «ነጻ ወጣ» ስንል ከባርነት ወይም ከእስራት መላቀቅን፣ «ከክሱ ነጻ ሆነ» ስንል ከበደል መጥራትን፣ «በነጻ ታከመ» ስንል ዋጋ አለመክፈልን እናመለክታለን። በተለይ ከ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ወዲህ «ነጻ ፕሬስ» የሚለው አነጋገር ስለ ተለመደ፣ «ነጻ መጽሔት» የሚለውን የሚሰማ ሰው በመንግሥት እጅ ያልሆነውን ጋዜጣና መጽሔት ያስባል እንጂ ስለ ሳይንስ ጽሑፍ ክፍያ አያስብም። ስለዚህ «ነጻ ኅትመት» ለአጠቃላዩ ጽንሰ ሐሳብ አይበቃም። የምንፈልገው አለመክፈልን ብቻ ለመግለጽ በሚሆንበት ጊዜ «ያለ ክፍያ ንባብ» ማለት ይሻላል።

3. ስለ «ክፍት»

«ክፍት» ከ«ነጻ» ይልቅ ለጽንሰ ሐሳቡ ይቀርባል፤ ነገር ግን እርሱም ጥላ አለው። «ክፍት የሥራ መደብ» ባዶ ቦታ ነው፤ «ቤቱ ክፍት አደረ» ሲባል ጠባቂ አልነበረውም ማለት ነው። በቢሮ አማርኛ «ለሁሉም ክፍት» መልካም ነገር ሲሆን፣ በገጠር ቤት ግን ክፍት የሆነ ነገር ለሌባም ለከብትም የተጋለጠ ነው።

የዚህን ልዩነት ክብደት ለማሳየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የዶክትሬት ተማሪ በምሥራቅ ጎጃም ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በግንደወይን ከተማ ዙሪያ ስለ አፈር መሸርሸር ያጠናል እንበል። በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ያሉትን ገበሬዎች ስለ ማሳቸው ስፋት፣ ስለ ምርታቸው፣ ምናልባትም ስለ ድንበር ክርክራቸው ይጠይቃል። ከመጠየቁ በፊት ፈቃዳቸውን መቀበል ይኖርበታል። በፈቃድ ቅጹ ላይ «የሚሰጡት መረጃ ክፍት ይሆናል» ብሎ ቢያነብላቸው አድማጩ «ገመናዬ ሊወጣ ነው» ብሎ ቢሠጋ አይፈረድበትም። ወይም ደግሞ ቃሉ ሳይገባው በአክብሮት ብቻ እሺ ይላል፤ ይህም ከሥጋቱ የባሰ ነው። ለእንዲህ ያለው ቅጽ ስያሜውን ትቶ ሐሳቡን መዘርዘር ይገባል፦ «ከእርስዎ ሰምቼ የምጽፈውን ማንም ሰው ሳይከፍል ሊያነበው ይችላል፤ የእርስዎ ስምና የማሳዎ ቦታ ግን አይጻፍም።» የዘርፉ ባለሙያዎች መረጃ «በተቻለ መጠን ክፍት፣ በሚያስፈልግ መጠን ዝግ» ይሁን የሚሉትም ይህንኑ ነው። እንግዲህ «ክፍት» የሚለው ቃል በሙያ ጽሑፍ ውስጥ ሲገባ ምን እንደ ተከፈተና ምን እንደ ተዘጋ አብሮ መነገር አለበት።

4. ስለ «ተደራሽ»

«ደረሰ» የሚለው ግሥ ሰፊ ነው። እንግዳ ይደርሳል፣ እህል ይደርሳል፣ ልጅ ለአቅመ አዳም ይደርሳል፣ ሊቅ ድርሰት ይደርሳል። «ደራሲ» እና «ተደራሲ» የሚሉት የሥነ ጽሑፍ ቃላት በዚሁ ቅርጽ የተገኙ ናቸው፤ «ተደራሽ» እና «ተደራሽነት» ደግሞ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ የተስፋፉ ናቸው። «ተደራሽ» ማለት ፈላጊው ሊደርስበት የሚችል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አማርኛ የሚጠቅም ልዩነት ይሰጠናል። ክፍት የሆነ ሁሉ ተደራሽ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ በዓለም ላይ ያለው ክፍት መጽሔት ሁሉ ክፍት እንደ ነበረ ነው፤ በስልኩ ብቻ ለሚያነበው የግንደወይን መምህር ግን አልደረሰውም። መብራት፣ መስመር፣ የመሣሪያ ዋጋ፣ ከሁሉም በላይ ቋንቋ የተደራሽነት ጉዳዮች ናቸው። ስለ ጎጃም አፈር በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጽሑፍ ያለ ክፍያ ቢነበብም ለመሬቱ ባለቤት እንደ ዝግ ይቆጠራል። ስለዚህ «ክፍትነት» የአሳታሚውን ውሳኔ፣ «ተደራሽነት» የአንባቢውን አቅም እንዲያመለክት ለይተን ብንጠቀም መልካም ነው። «ክፍት ተደራሽነት» የሚለው ጥምር ስያሜ አሁን በመለመዱ ለአጠቃላዩ ጽንሰ ሐሳብ እንዲቆይ እንመክራለን፤ ሁለቱ ክፍሎቹ ግን አንድ ናቸው ተብሎ እንዳይታሰብ።

5. ስለ ፈቃድና ስለ ባለቤትነት

ብዙ ተማሪ «ክፍት» ሲባል «ባለቤት የሌለው» ይመስለዋል። የዚህን ስሕተትነት ለማስረዳት ከአገራችን የቅኔ ቤት የተሻለ ምሳሌ የለም። በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በሌሎቹ የጎጃም ጉባኤ ቤቶች መምህሩ ቅኔ ለማስተማር ከተማሪ ዋጋ አይቀበልም፤ ተማሪውም ቁራሹን ለምኖ ይማራል። የተዘረፈው ቅኔ ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳል፤ የሚማረው ሁሉ ይማርበታል፤ ነገር ግን የእገሌ ቅኔ መሆኑ ይነገራል። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ይነወራል። ትምህርቱ ያለ ዋጋ ነው፤ ስሙ ግን ከሥራው አይለይም።

«ክሪዬቲቭ ኮመንስ» የተባሉት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የወጡት የፈቃድ ዐይነቶች ከዚህ ጋር ይመሳሰላሉ። ከእነርሱ ለአንባቢ ሰፊ ፈቃድ ከሚሰጡት አንዱ ማንም ሰው ጽሑፉን እንዲያባዛ፣ እንዲተረጉም፣ እንዲያሻሽል ይፈቅዳል፤ የሚጠይቀው ግዴታ በዋናነት የደራሲውን ስም መጥራት ነው። ሌሎቹ ለንግድ መጠቀምን ወይም ማሻሻልን ይከለክላሉ። የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የደራሲን የኢኮኖሚ መብትና የሞራል መብት ለይቶ ያስቀምጣል። ስለዚህ ተማሪው ቅጽ ከመፈረሙ በፊት ሁለት ነገሮችን ይለይ፤ «መብት ማስተላለፍ» ባለቤትነትን ለአሳታሚው መስጠት ሲሆን፣ «ፈቃድ መስጠት» ባለቤትነትን ይዞ ሌላው እንዲጠቀም መፍቀድ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የፈረመ ሰው የገዛ ጥናቱን በአማርኛ ተርጉሞ ለማሳተም ፈቃድ ለመለመን ሊገደድ ይችላል።

6. ስለ «ማኅደረ ጥናት»

ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ጥናቶችንና የታተሙ ጽሑፎችን በኢንተርኔት የሚያኖሩበት ሥርዓት በእንግሊዝኛ «ሪፖዚተሪ» ይባላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ ማከማቻ አለው። «ማከማቻ» የሚለው ቃል ከእህልና ከዕቃ ጋር ስለሚዛመድ፣ «ማኅደር» የሚለውን እንመርጣለን። ማኅደር በግእዝ ማደሪያ ነው፤ በአገራችን ልማድ ደግሞ የብራና መጽሐፍ የሚያድርበትና በማንገቻ የሚሸከሙት የቆዳ ቤት ነው፤ በመሥሪያ ቤትም የሰነድ መያዣ ሆኗል። መጽሐፉን ይጠብቀዋል፣ ከቦታ ወደ ቦታም ያደርሰዋል፤ ጥበቃውንም ማድረሱንም በአንድነት የያዘ ቃል ነው።

ጥምረቱም ለአማርኛ እንግዳ አይደለም። የግእዝ ዘርፍና ባለቤት አገባብ «ቤተ መጻሕፍት»፣ «መዝገበ ቃላት» የሚሉትን ሰጥቶናል፤ «ግንደወይን» የሚለው የቦታ ስም ራሱ «ግንድ» እና «ወይን» በዚሁ አገባብ የተጣመሩበት ነው። በዚህ መንገድ «ማኅደረ ጥናት» ማንም አማርኛ ተናጋሪ ሳይከብደው የሚረዳው ይሆናል።

7. ስለ ቀለማቱና ስለ ክፍያው

በእንግሊዝኛ በመጽሔቱ በኩል የሚደረገው ክፍትነት «ወርቅ»፣ በማኅደር በኩል የሚደረገው «አረንጓዴ»፣ ደራሲውንም አንባቢውንም የማያስከፍለው «አልማዝ» ይባላል። እነዚህን ቃል በቃል መመለስ አይጠቅምም። «ወርቅ» ለቅኔ ተማሪ የተሠወረው ምስጢር ነው፤ ለሌላውም ውድ ዋጋ ነው፤ ሁለቱም ከታሰበው ይርቃሉ። ሥራቸውን በሚገልጽ ስም «በመጽሔት የተከፈተ»፣ «በማኅደር የተከፈተ»፣ «ከሁለት ወገን ክፍያ የሌለው» ብንላቸው ግልጽ ይሆናል።

በመጽሔት የሚከፈተው ብዙ ጊዜ ወጪውን ከአንባቢው ወደ ደራሲው ያዞረዋል። «ኔቸር» የተባለው ታዋቂ መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ጽሑፍ ክፍት እንዲሆን ለሚፈልጉ ደራስያን ያወጣው ዋጋ 9,500 ዩሮ ነበር። ይህን «የማሳተሚያ ክፍያ» እንበለው። ብዙ አሳታሚዎች ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚመጡ ደራስያን ክፍያውን ይተዋሉ ወይም ይቀንሳሉ፤ «የግብር ምሕረት» እንደምንል ይህም «የክፍያ ምሕረት» ሊባል ይችላል። ተማሪው ምሕረቱን ጽሑፉን ከማስገባቱ በፊት መጠየቅ እንደሚገባው ይወቅ፤ ጽሑፉ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ የሚቀርብን ጥያቄ የማይቀበሉ አሳታሚዎች አሉ።

8. «አዳኝ» ወይስ «አጥማጅ»

በመጨረሻ ስለ አንድ አደገኛ ስያሜ እናንሣ። ገንዘብ ተቀብለው ያለ እውነተኛ የአቻ ግምገማ የሚያትሙ መጽሔቶች በአማርኛ «አዳኝ መጽሔቶች» መባል ጀምረዋል። «አደነ» ካለው «አዳኝ»፣ «አዳነ» ካለውም «አዳኝ» ይወጣል፤ በጽሑፍ ሁለቱ አይለዩም። የምረቃ ቀኑ ደርሶበት የተጨነቀ ተማሪ፣ ጽሑፉን በሳምንት ውስጥ እናትምልሃለን የሚል መልእክት ሲደርሰው፣ ቃሉን «የሚያድን» ብሎ ቢያነበው የስያሜው ጥፋት ነው። ስለዚህ «አጥማጅ መጽሔት» እንዲባል እንመክራለን። አጥማጅ መረቡን ዘርግቶ ይጠብቃል፤ እነዚህም የማባበያ ደብዳቤ በየአድራሻው እየበተኑ ይጠብቃሉና ሥራቸውን በትክክል ይገልጻል።

9. የቀረቡት ስያሜዎች በአጭሩ

ክፍት ተደራሽነት፦ የጥናት ጽሑፍ ያለ ክፍያ እንዲነበብና በታወቀ ፈቃድ እንዲሠራበት የማድረግ አሠራር በጠቅላላው።
ያለ ክፍያ ንባብ፦ የማንበብ ዋጋ ብቻ የተነሣበት፤ ሌላ ፈቃድ ያልተሰጠበት።
ክፍት ፈቃድ፦ ደራሲው ባለቤትነቱን ይዞ ለሁሉም የሚሰጠው የመጠቀም መብት።
ማኅደረ ጥናት፦ የጥናት ጽሑፎች ተጠብቀው ለሕዝብ የሚቀርቡበት የኢንተርኔት ማኖሪያ።
የማቆያ ጊዜ፦ ጽሑፉ በማኅደር ከመከፈቱ በፊት አሳታሚው እንዲጠበቅ የሚያዝዘው ጊዜ።
የማሳተሚያ ክፍያ፣ የክፍያ ምሕረት፦ ደራሲው የሚከፍለው ዋጋ፤ የዚያም መተው ወይም መቀነስ።
አጥማጅ መጽሔት፦ ያለ ግምገማ በክፍያ የሚያትም።

እነዚህ ስያሜዎች ለውይይት የቀረቡ ናቸው። የአንድ ስያሜ ፈተናው በሁለት ቦታ ነው፤ በዩኒቨርሲቲው የውል ቅጽ ላይ ሳያሻማ መቆም አለበት፤ ቃሉን ለጥናቱ በሰጠው ገበሬ ደጅም ሲነገር መሰማት አለበት። በሁለቱም ቦታ የሚሠራ የተሻለ ቃል ያላቸው አንባብያን፣ በተለይም በገጠር ጥናት የሚያካሂዱ ተማሪዎች፣ ሰዎች በቃላቸው የሚጠቀሙበትን አነጋገር እየመዘገቡ እንዲልኩልን በአክብሮት እንጠይቃለን።