«የት ነበርሽ?» ለሚለው ጥያቄ የእናት መልስ

ሥራ ፈላጊ በቀረበ ጊዜ የኋላ አካሄዱን መመርመር ለአሠሪ የተገባ ነገር ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እንደሚባለው፣ ገንዘብ ወይም መዝገብ የሚያስረክብ ሹም ተያዥ ቢያስጠራ፣ ለቀድሞው አሠሪ ቢጽፍ፣ ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃም ቢያስመጣ አይነቀፍም። ነገር ግን በዚህ ምርመራ ፊት፣ ጥፋት ሳይኖርባት እንደ ጥፋተኛ የምትቆም ሰው አለች፤ እርስዋም ልጅ ወልዳ ለማሳደግ ከሥራ ተለይታ የነበረች እናት ናት። በማስረጃዋ መካከል የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ባዶ ዘመን ሲታይ፣ «ተባርራ ይሆን? ታስራ ይሆን?» የሚል አሳብ በመርማሪው ልብ ያድራል፤ አፍራ ዝም ያለች እንደ ሆነ ዝምታዋ ጥርጣሬውን ያጸናዋል።

ይህ ነገር በአዋሽ ሸለቆ ከተሞች የተለመደ የሚሆንበት ምክንያት አለው። በአዋሽ ሰባትና በአዋሽ አርባ፣ ከአገሬው ከአፋር ሕዝብ ጋራ፣ በባቡሩ፣ በጅቡቲ መንገድ፣ በጦር ሠፈሩና በከሰም ስኳር ፋብሪካ ምክንያት ከደጋ የወረደ ብዙ ሠራተኛ ይኖራል። ከደጋ የመጣችው እናት ሕፃኑን አደራ የምትሰጣት አያት በቅርብ የላትም፤ ባልዋም ወደ ሰመራ ወይም ወደ ሌላ ስፍራ ቢዛወር ተከትላ መሄድዋ አይቀርም። ስለዚህ ሥራዋን የምትለቀው ከስንፍና የተነሣ አይደለም።

እንግዲህ መልሱን ለማቅናት አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የወሊድ ፈቃድ ባዶ ዘመን አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ለሴት ሠራተኛ ሙሉ ደመወዝ ያለው የወሊድ ፈቃድ ሰጥቷል። የአሠሪና ሠራተኛ ዓዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ከመውለድዋ በፊት 30፣ ከወለደችም በኋላ 90 ቀን ወስኖላታል። የመንግሥት ሠራተኞች በራሳቸው ዓዋጅ ይተዳደራሉ። ስለዚህ ፈቃዱ ከአገልግሎት ዘመንዋ ጋራ ይቈጠራል፤ ሊገለጥ የሚገባው ከፈቃዱ በኋላ ያለው ዘመን ብቻ ነው።

ለምሳሌ በአንድ የንግድ ድርጅት በሒሳብ ሥራ ትሠራ የነበረች አንዲት እናት፣ ከታኅሣሥ 1 እስከ መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. 120 ቀን ፈቃድ ወስዳ፣ ሞግዚት አጥታ ሥራዋን ለቀቀች እንበል። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሌላ ሥራ ብትጠይቅ፣ ጳጉሜን ሳይቈጠር ከሥራ የተለየችው 29 ወር ነው። የቀድሞው አሠሪ በማስረጃው ላይ አገልግሎቷን በኅዳር መጨረሻ ቢዘጋው ግን 33 ወር ይሆናል፤ በሕግ የእርስዋ የሆነው አራት ወር ተቀነሰባት ማለት ነው። ስለዚህ የሥራ ማስረጃዋን በተቀበለች ቀን፣ ከቢሮው ሳትወጣ የመጨረሻውን ቀን ትመልከት። አሠሪው የሥራውን ዐይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጥ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ይኸው ዓዋጅ ያዝዘዋል።

የቀረውን ዘመን በአጭር ቃል ትጻፈው፤ «ከሚያዝያ 2012 እስከ ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ልጄን ለማሳደግ ከደመወዝ ሥራ ተለይቼ ነበር» ብትል ይበቃል። ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልጋትም፤ የቤትዋንም ምሥጢር መዘርዘር አይገባትም። ምስክር ያስፈለገ እንደ ሆነ የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ቀኑን ይናገራል። ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ዓዋጅ ቁጥር 760/2004 አዝዟልና፣ በጊዜው ያስመዘገበች እናት ለራስዋም ማስረጃ አኑራለች። የቀድሞው ድርጅት ፈርሶ ቢሆን የደመወዝ ደረሰኝና የጡረታ መዋጮ መዝገብ ይረዷታል።

ባዶውን ዘመን ለመሸፈን የአገልግሎት ቀን ማስረዘም ወይም ያልሠራችበትን ቤት ስም ማስጻፍ ግን ከባድ አደጋ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሐሰተኛ ሰነድ የሠራውንም የተገለገለበትንም ይቀጣል። እናትነት ነውር ያልነበረውን ሰው ሐሰቱ ነውረኛ ያደርገዋል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የተባለውም ለዚህ ነው።

ነገሩ በእናቲቱ ብቻ አይፈጸምም፤ ለመርማሪውም ግዴታ አለበት። ምን ሥራ እንደ ሠራች፣ መቼ እንደ ሠራች፣ ማን እንደሚመሰክርላት ይጠይቅ። «ዳግመኛ ትወልጃለሽን?» ማለት ግን ከሥራው ጋራ የማይገናኝ ጥያቄ ነው፤ ዓዋጁ በአንቀጽ 87 ሴት በጾታዋ ምክንያት በሥራ እንዳትለይ ከልክሏልና። ይህም አሳብ አዲስ አይደለም። በ1919 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በዋሽንግተን የተሰበሰበው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሥራ ጉባኤ፣ ሠራተኛ እናት ከመውለድዋ በፊትና በኋላ እንድታርፍ፣ በዚያም ጊዜ ከሥራዋ እንዳትሰናበት የሚያዝዝ ስምምነት አጽድቆ ነበር።

ክቡራን ሹማምንት ሆይ፣ በፊታችሁ የተዘረጋው ማስረጃ ባዶ ዘመን ቢታይበት፣ ከመፍረዳችሁ በፊት ጠይቁ፤ መልሱንም በሰነድ መዝኑ። ሒሳብ የምታውቅ እናት በሦስት ዓመት ሒሳቡን አትረሳውም፤ የረሳችውም ቢኖር በጥቂት ሳምንት ይመለስላታል። በጥርጣሬ የተመለሰች ብልህ ሠራተኛ ግን ዳግመኛ ወደዚያ ደጅ አትመጣም፤ ጉዳቱም የእርስዋ ብቻ አይደለም።