ከፍራንክፈርት ቦሌ ስንት ሰዓት ነው?

ከፍራንክፈርት እስከ ቦሌ ያለው የአየር ርቀት 5,350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በረጅም መስመር የሚሰማሩት ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 ከፍታቸውን ከያዙ በኋላ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛሉ። ሒሳቡ 6 ሰዓት ይሰጣል፤ የበረራ ሰሌዳው ግን ወደ 7 ይጠጋል።

ያቺ ሰዓት የምታልቀው በጥቂት በጥቂቱ ነው። ጉዞው የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰ ጀምሮ ስለሆነ፣ በሰፊው የፍራንክፈርት ግቢ እስከ ማኮብኮቢያው መሄድና ተራ መጠበቅም ይቆጠራል። ሽቅብ ሲወጣና ለማረፍ ሲወርድ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ከፍ ባለው የአውሮፓ ሰማይ ነፋሱ በአብዛኛው ከምዕራብ ስለሚነፍስ ግን ወደ አዲስ አበባ የሚመጣውን ይገፋል፣ የሚመለሰውን ይይዛል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የምድሩ ጉዳይ ነው። አጭሩ መስመር ሜዲትራንያንን ተሻግሮ በግብፅና በሱዳን ላይ ያልፋል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ የሱዳን ሰማይ ለመንገደኞች በረራ ተዘጋ፤ አብራሪዎችም ወደ ቀይ ባሕር በኩል መዞር ግድ ሆነባቸው።

መስመሩ የቆየ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ፍራንክፈርት መብረር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1958 ሲሆን፣ ባለ አራት ፕሮፔለር ዲሲ-6ቢ አውሮፕላኖቹ ከልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስተው መንገድ ላይ እያረፉ፣ አቴንስን ነክተው ይደርሱ ነበር። የልደታ ሜዳ ለጄት አልበቃም፤ ቦሌ የተሠራው ለዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ቦይንግ 720ቢ ሥራ ሲጀምር ያ ረጅም ጉዞ በእጅጉ አጠረ።

ቦሌ ግን የራሱ ፈተና አለው። ፍራንክፈርት ከባሕር ጠለል በላይ 111 ሜትር ላይ ሲገኝ ቦሌ 2,334 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ክንፉም ሞተሩም ጉልበታቸው ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑ የሚችለውን ነዳጅና ጭነት ሁሉ ይዞ መነሳት አይችልም። ከዋሽንግተን በቀጥታ አዲስ አበባ የሚገባው በረራ ሲሄድ መንገድ ላይ ነዳጅ የሚሞላው በዚህ ምክንያት ነው። ለፍራንክፈርት የሚበቃውን ነዳጅ ግን ከቦሌም ይዞ መነሳት ይችላል።

ከፍራንክፈርት የመነሻውን ሰዓት የሚወስነው ግን ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ለነዋሪዎች እንቅልፍ ሲባል በፍራንክፈርት ከምሽቱ 5 እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት መደበኛ በረራ የለም። ስለዚህ የማታው አውሮፕላን ከ5 በፊት መውጣት አለበት። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተነስቶ 7 ሰዓት የበረረ መንገደኛ፣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ከሆነ ቦሌ የሚደርሰው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ነው፤ በቀሪዎቹ ወራት ጀርመኖች ሰዓታቸውን ወደፊት ስለሚገፉ 12 ሰዓት ላይ። ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ለሚቀጥል ሰው ይህ ምቹ ነው፤ ቀኑ ሳይገፋ የአገር ውስጡን በረራ ይይዛል።