የሞተር ሕመምና የቍጥር ምስክርነት

ሐኪም ሕመምተኛን ሲመረምር አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ቀጥሎም ይዳስሳል፤ ከዚያም የሰማውንና ያየውን አስተባብሮ ሕመሙን በስሙ ይጠራዋል። መድኃኒት የሚታዘዘው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ትኵሳት መኖሩን ብቻ አይቶ መድኃኒት የሚሰጥ ሐኪም ቢገኝ፥ ትኵሳት የብዙ ሕመም ምልክት ነውና፥ ሕመምተኛው ገንዘቡንም ጤናውንም ሊያጣ ይችላል። ዛሬ በአውቶሞቢል ጥገና የሚታየው ችግር ይህን የመሰለ ስለ ሆነ፥ መኪና ያለውም የሌለውም አንባቢ ያስተውለው ዘንድ ጥቂት ቃል ለመጻፍ ተነሣሁ።

የቀድሞው የመኪና ሞተር አሠራሩ ለዐይንና ለጆሮ የተገለጠ ነበር። ነዳጅና አየር በካርቡራቶር ይደባለቁ ነበር፤ እሳቱንም ፑንቲናና ቦቢና ያቀብሉ ነበር። ስለዚህ መካኒኩ ድምፁን ሰምቶ፥ የካንዴላውን ጥላሸት አይቶ፥ የጢሱንም ቀለም ተመልክቶ ጕድለቱን ያገኘው ነበር። በዛሬው መኪና ግን ይህን ሁሉ የሚያዝዝ ኮምፒውተር ተቀምጧል። በየቦታው የተተከሉት ሴንሰሮች የሚገባውን አየር መጠን፥ የውሃውን ሙቀት፥ በጢሱ ውስጥ የቀረውን ኦክሲጅን እየለኩ ይነግሩታል፤ እርሱም ምን ያህል ነዳጅ እንዲረጭ፥ እሳቱም መቼ እንዲጫር በየቅጽበቱ ይወስናል።

ይህ ሥርዐት የተፈጠረው ባለመኪናን ለማስቸገር አይደለም። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት የከተሞቿ አየር በመኪና ጢስ ስለ ተበላሸ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1988 ዓ.ም. ሞዴል ጀምሮ መኪናው ጢሱን የሚያበላሽበትን ጕድለት ራሱ እንዲያስታውቅ ደነገገች። ከ1996 ዓ.ም. ሞዴል ወዲህ ደግሞ በመላው አሜሪካ የሚሸጥ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ አንድ ዐይነት መሰኪያና የጋራ የሆነ የጕድለት ምልክት እንዲኖረው ታዘዘ። አውሮፓም ለቤንዚን መኪና በ2001፥ ለናፍጣ መኪና በ2004 ዓ.ም. ተከተለች። ከዚህም የተነሣ ሞተሩ ሲታወክ በሾፌሩ ፊት ቢጫ መብራት ይበራል፤ መካኒኩም መሣሪያውን 16 እግር ባለው መሰኪያ ላይ ሰክቶ አንድ ፊደልና አራት አኃዝ ያለበትን ምልክት ያነብባል። «ፒ» የሚለው ፊደል የሞተርና የካምቢዮ ነው፤ «ቢ» የቦዲ፥ «ሲ» የፍሬንና የመሪ፥ «ዩ» ደግሞ ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መሥመር ነው። ይህ በእውነቱ ትልቅ ጥበብ ነው።

ነገር ግን ቍጥሩ ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። ለምሳሌ «ፒ0171» የሚለውን ምልክት እንመልከት። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን በደንብ ያቃጥል ዘንድ ለአንድ ኪሎ ነዳጅ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልገዋል። አየሩ ከዚህ ልክ በልጦ፥ ኮምፒውተሩ ነዳጅ እየጨመረ ሊያስተካክለው ሲሞክር ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት ይህን ቍጥር ይመዘግባል። እንግዲህ ቍጥሩ የሚናገረው «አየሩ በዝቷል፥ ወይም ነዳጁ አንሷል» ብሎ ብቻ ነው። ምክንያቱ ግን የተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ ሊሆን ይችላል፤ የቆሸሸ የአየር መለኪያ፥ የደከመ የነዳጅ ፓምፕ፥ የተደፈነ የነዳጅ ማጣሪያ፥ ወይም ራሱ የተበላሸ ሴንሰር ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ ሁሉ አንዱን መርጦ ማሳየት የቍጥሩ ሥራ አይደለም፤ የሰው አእምሮ ሥራ ነው።

ይህን የምጽፈው በሰማሁት ብቻ አይደለም፤ በራሴም ደርሷል። የመኪናዬ ቢጫ መብራት በርቶ ሞተሩ ይንቀጠቀጥ ጀመርና ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድሁት። መሣሪያው ተሰክቶ ይኸው «ፒ0171» ተነበበ፤ ወዲያውም የኦክሲጅን ሴንሰሩ ተበላሽቷል ተባልሁ። ገዝቼ አስገጠምሁ። ቍጥሩ ስለ ተሰረዘ መብራቱ ለሁለት ቀን ጠፋ፤ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ በራ። ሁለተኛ ስሄድ የነዳጅ ፓምፑ ነው ተባለ፤ እርሱንም ለወጥሁ። መብራቱ ግን እንደ ገና በራ። በዚህ መካከል ለልጆቼ ትምህርት ቤት ብዬ ያስቀመጥሁት ገንዘብ አለቀ፤ መኪናውም አልዳነም።

በመጨረሻ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ዘንድ ሄድሁ። እርሳቸውም መሣሪያውን ሳያነሡ፥ «ጌታዬ፥ ሞተሩ የሚንቀጠቀጠው ቆመው ሳለ ነው ወይስ ሲጓዙ?» ብለው ጠየቁኝ። ቆሜ ሳለሁ እንደ ሆነ ነገርኋቸው። ከዚያ በኋላ መሣሪያውን ሰክተው ቍጥሩን ብቻ ሳይሆን ኮምፒውተሩ የሚጨምረውን ነዳጅ መጠን ሞተሩ እየሠራ ተመለከቱ። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ጭማሪው ብዙ ነበር፤ ነዳጅ ሲሰጠው ግን ቀነሰ። «እንግዲህ አየር ሳይለካ የሚገባበት ቀዳዳ አለ» አሉና በጆሯቸው እየተከታተሉ ከሞተሩ በስተኋላ ጣት የምታህል የተሰነጠቀች የጎማ ቱቦ አገኙ። የቱቦዋ ዋጋ ለሁለቱ ዕቃዎች ከከፈልሁት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። መሣሪያው በሁለቱም ቤት አንድ ዐይነት ነበር፤ ልዩነቱ በመጠየቁና በመመርመሩ ነው።

በአገራችን የዳኝነት ልማድ ምስክር የሚሰማው ሊመረመር ነው። ምስክሩ ከየት ቆሞ እንዳየ፥ ምን እንደ ሰማ ሳይጠየቅ በቃሉ ብቻ የሚፈርድ ዳኛ ንጹሑን ይቀጣል። ንጹሕ ሴንሰር አውጥቶ መጣልም ይህንኑ ይመስላል፤ ቅጣቱን የሚከፍለው ግን ባለመኪናው ነው።

ይሁን እንጂ በደሉን ሁሉ በመካኒክ ላይ መጫን ቅን ፍርድ አይሆንም። እኛ ባለመኪኖች ለዕቃ ገንዘብ ስናወጣ አናጕረመርምም፤ ሁለት ሰዓት ሲመረምር ለዋለ ሰው ግን «ምን ሠራህና?» እንላለን። እንዲህ ከሆነ መርምሮ ከማግኘት ይልቅ ዕቃ መለወጥ የሚያዋጣው ሥራ ይሆናል። ደግሞም ርካሹ ማንበቢያ የሚያነበው የጋራ የሆኑትን ምልክቶች ነው። አምራቹ ለራሱ የለያቸውን ምልክቶች ለማንበብ፥ በአንዳንድ መኪናም አዲስ የተገጠመውን ዕቃ ከኮምፒውተሩ ጋር ለማስተዋወቅ፥ በየዓመቱ የሚከፈልበት የአምራቹ ፕሮግራም ያስፈልጋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ እዚህ ግን በሽታውን የሚደብቀው ሕመምተኛው ሳይሆን ቋንቋውን የቈለፈበት አምራች ነው።

ይህን ቍልፍ ለማስከፈት ሌሎች አገሮች ሕግ አውጥተዋል። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት ሕዝብ በ2012 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ድምፅ ሰጥቶ፥ አምራቾች ለራሳቸው ወኪሎች የሚሰጡትን የጥገና መረጃ ለማንኛውም ጋራዥ በተመጣጠነ ዋጋ እንዲሰጡ አስገደደ። በ2020 ዓ.ም. ደግሞ መኪናው በአየር ሞገድ የሚልከውን መረጃ ጨምሮ ሕጉን አሰፋው፤ አምራቾችም በፍርድ ቤት ተከራከሩበት። የአውሮፓ ኅብረትም በ2007 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ የጥገና መረጃ ለነጻ ጋራዦች ክፍት እንዲሆን አዝዟል።

ለእኛ ነገሩ ከዚህም ይልቅ ይጠነክራል። በመንገዳችን ላይ ከሚታዩት መኪናዎች ብዙዎቹ በሌላ አገር ተነድተው የመጡ ናቸው፤ መመሪያቸውም በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ነው። በአገራችን አቈጣጠር በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መንግሥት አስታወቀ። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ በብዙዎቹ ዘንድ 400 ቮልት ያህል ኃይል ይይዛል። በቤንዚን ሞተር በግምት ዕቃ መለወጥ ገንዘብ ያጠፋ ነበር፤ በዚህኛው ግን ያለ ዕውቀት የነካ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

ስለዚህ ሦስት ነገር ማሰብ ይገባል። ባለመኪናው ዕቃ ከመለወጡ በፊት «ይህ እንደ ተበላሸ በምን ፈተና ተረጋገጠ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ለመረመረውም ሰው የድካሙን ዋጋ ይክፈል። የሙያ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ቍጥር ከማንበብ አሳልፈው የኤሌክትሪክን መሥመር በመለኪያ መከተልን ያስተምሩ። መኪና እንዲገባ ፈቃድ የሚሰጡ ሹማምንትም አስመጪው ከመኪናው ጋር የጥገናውን መጽሐፍና የመመርመሪያውን ፕሮግራም አብሮ እንዲያቀርብ ቢያዝዙ፥ በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ በጥቂት ጕድለት ከሚቆሙት የመንግሥት መኪናዎች እንኳ ብዙዎቹ ወደ ሥራቸው በተመለሱ ነበር። መኪናውን ከነቍልፉ ተቀብሎ የሕመሙን ቋንቋ ሳይቀበሉ መቅረት ግን ዕቃውን እኩሌታ ብቻ እንደ መግዛት ነው።