ወደ ኅቡዕ ትግል የሚወስደው የጓደኝነት መንገድ

ወጣቶች ጠመንጃ ወዳነሱ የፖለቲካ ቡድኖች የሚገቡት ርዕዮተ ዓለም ስለማረካቸው ብቻ ነው የሚለው ግምት፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጣሊያን ቀይ ብርጌድ የተባለውን የግራ ታጣቂ ቡድንና መሰሎቹን ያፈራው ታሪክ ሲመረመር ብዙም አይጸናም። መነሻው በከፊል ቁጭት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1969 ሚላኖ ውስጥ ባንክ ላይ የፈነዳ ቦምብ 17 ሰዎችን ሲገድል ፖሊስ አናርኪስቶችን፣ ማለትም መንግሥት የሚባል ሥልጣን እንዲቀር የሚሹትን፣ ሰብስቦ አሰረ፤ ከእነርሱም አንዱ፣ የባቡር ሠራተኛው ጁሴፔ ፒኔሊ፣ ከሦስት ቀን በኋላ እኩለ ሌሊት ገደማ በምርመራ ላይ ሳለ ከፖሊስ መሥሪያ ቤቱ መስኮት ወድቆ ሞተ። ቦምቡን ያፈነዱት የቀኝ ጽንፈኞች መሆናቸው በኋላ ታውቋል።

ይሁንና ቁጭት የብዙዎች ነው፤ ኅቡዕ የገቡት ግን ጥቂቶች ናቸው። ሶሺዮሎጂስቷ ዶናቴላ ዴላ ፖርታ ካጠናቻቸው 1,214 የግራ ታጣቂዎች 843ቱ ሲገቡ ቢያንስ አንድ ጓደኛ ቀድሟቸው ውስጥ ነበረ። ምልመላ እንግዳን ማግባባት ሳይሆን በቀደመ መተማመን ላይ የሚጣል ድልድይ ነው፤ መውጣትም ጓደኛን እንደ መክዳት ስለሚቆጠር ይከብዳል። እ.ኤ.አ. የ1987ቱ የጣሊያን ሕግ ዓመፅን ለካዱ እስረኞች፣ ጓዶቻቸውን እንዲያጋልጡ ሳያስገድድ፣ ቅጣት ያቀለለው ይህንኑ የተረዳ ይመስላል።