ነጋሪት፣ ራዲዮና የእጅ ስልክ

ከአንኮበር ተነሥቶ ቁልቁል ወደ ቆላው የሚወርድ መንገደኛ አሊዩ አምባን ያገኛታል። ዛሬ አነስተኛ ከተማ ናት፤ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ግን የሸዋ የንግድ በር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1842 ቻርልስ ጆንስተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በከተማዪቱ ተቀምጦ ስለ ገበያዋ ጽፏል። አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ኦሮሞውና ከሐረር የመጣው ነጋዴ የሚገናኙት በዚያ ገበያ ነበር።

በዚያ ዘመን የመንግሥት ቃል ለሕዝብ የሚደርሰው በገበያ ቀን፣ ነጋሪት እየተጎሰመ በሚነገር አዋጅ ነበር። አዋጁ ሦስት መልካም ጠባዮች ነበሩት። አንደኛ፣ ለመስማት ዋጋ አይከፈልም። ሁለተኛ፣ ባለጸጋውና ድኻው አንዱን ቃል በአንድ ጊዜ ይሰማሉ። ሦስተኛ፣ ማን ሰማ፣ ማን አልሰማ ብሎ የሚመዘግብ የለም። አንድ ከባድ ጉድለትም ነበረው፤ ይኸውም የሚናገረው አንድ ወገን ብቻ መሆኑ ነው። ሰሚው መልስ አይሰጥም፤ የአዋጁንም እውነትነት የሚመረምርለት የለም።

ዛሬ ስለ ሕዝብ መገናኛ ብዙኃን የወደፊት ዕድል ስንነጋገር፣ እነዚህን ሦስት ጠባዮችና ይህን አንድ ጉድለት ብናስታውስ ጉዳዩ ይገለጽልናል።

በአገራችን የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ቴሌቪዥንም በ1957 ዓ.ም. ተከተለው። ራዲዮ የነጋሪቱን ሦስት ጠባዮች ወረሰ። ማሰራጫው አንድ ጊዜ ከተተከለ በኋላ አንድ ሰው ቢሰማው ወይም አንድ ሚሊዮን ሰው ቢሰማው ወጪው ያው ነው። አድማጩ መቀበያና ባትሪ ካለው ሌላ አይጠየቅም፤ ማንነቱንም ጣቢያው አያውቅም። ነገር ግን ራዲዮ ጉድለቱንም አብሮ ወረሰ።

ይህንን ጉድለት ለማረም በሌላው ዓለም የታሰበው ዘዴ «የሕዝብ አገልግሎት» የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 የብሪታንያ ራዲዮ፣ ማለት ቢቢሲ፣ በንጉሣዊ ቻርተር ሲቋቋም፣ ሐሳቡ ጣቢያው የነጋዴም የሚኒስትርም አፍ ሳይሆን በሕዝቡ ክፍያ ለሕዝቡ እንዲያገለግል ነበር። በእኛም አገር የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን በአዋጅ ቁጥር 858/2006 ሲቋቋም ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲሆን ተደረገ። ስለዚህ በሕጉ ቃል ጣቢያው የሕዝብ ነው። የሕዝብ መባልና የሕዝብ መሆን ግን ሁለት ነገር ነው፤ ልዩነቱም የሚለካው ባለ ሥልጣን የማይወደውን እውነት ሳይፈራ በመናገሩ ነው።

አሁን ደግሞ የእጅ ስልክና ኢንተርኔት መጡ። ብዙዎቻችን «ራዲዮ አርጅቷል፤ ሁሉ ነገር በስልክ ነው» እንላለን። ቢቢሲም የአማርኛ አገልግሎቱን በ2010 ዓ.ም. ሲጀምር በዋናነት በኢንተርኔት ነበር፤ ለብዙ ዘመን የቆየውን የአረብኛ ራዲዮውንም በጥር 2015 ዓ.ም. ዘጋ። እውነት ነው፤ ስልክ የነጋሪቱን ጉድለት ይሞላል። አድማጩ ይመልሳል፣ ይጠይቃል፣ ያየውንም ራሱ ያሳያል። ይህ ታላቅ ነገር ነው።

ነገር ግን ሦስቱ መልካም ጠባዮች ምን ሆኑ?

መጀመሪያ ዋጋውን እንይ። በኢንተርኔት ለእያንዳንዱ አድማጭ ድምፁ ለብቻው ይላክለታል፤ እያንዳንዱም ለዳታ ይከፍላል። የግማሽ ሰዓት ዜና ለመስማት ካርድ መሙላት ያስፈልጋል። በአሊዩ አምባ ገበያ ማሽላ የሚሸጥ ገበሬ ገንዘቡን ለዜና ያውል ይሆን?

ሁለተኛው እኩልነት ነው። በስልኩ ላይ ምን እንደሚቀድም የሚመርጠው የአዲስ አበባ ወይም የባሕር ዳር አዘጋጅ አይደለም፤ በሩቅ አገር ያለ ኩባንያ የሠራው ስሌት ነው። ስሌቱም የሚፈልገው ሰውን ረዥም ጊዜ የሚያቆየውን ነው፤ ቁጣና ሐሜት ደግሞ ከእውነት ይልቅ ያቆያሉ። እንዲህ ሲሆን ጎረቤታሞች ሁለት የተለያየ ዓለም ይሰማሉ።

ሦስተኛው መመዝገቡ ነው። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደ ሰማ ይታወቃል። ከዚህም ጋር መስመሩ በአንድ ትእዛዝ ሊዘጋ ይችላል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ ዜናውን ሁሉ በስልክ ላይ ያኖረ ሰው፣ ወሬ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ባዶ እጁን ቀረ።

ታዲያ ራዲዮ ብቻ ይበቃናል ማለት ነውን? አይደለም። ራዲዮም የራሱ ችግር አለው። የኤፍ ኤም ሞገድ በቀጥታ መስመር ስለሚጓዝ ተራራ ያግደዋል፤ ከደጋው ጫፍ በታች ያለ የሸለቆ መንደር በጥላው ሥር ሊቀር ይችላል። መካከለኛና አጭር ሞገድ ግን ርቀው ይደርሳሉ። በባዕድ ራዲዮ መመካትም አይቻልም፤ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. በአሜሪካ መንግሥት ውሳኔ የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች ከሥራ ሲታገዱ፣ ለብዙ ዓመታት የቆየው የአማርኛ ሥርጭት ተቋረጠ። የሰው ራዲዮ የሚዘጋው በባለቤቱ ፈቃድ ነው።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ሦስት ነገር ያስፈልጋል። የመጀመሪያው፣ ስልክ ለሁሉ እስኪደርስና ዋጋው እስኪቀል ድረስ፣ የመካከለኛና የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች እንዳይዘጉ ነው። ሁለተኛው፣ የሕዝብ ጣቢያዎች በኢንተርኔት የሚያቀርቡት ዜናና ትምህርት ያለ ዳታ ክፍያ እንዲሰማ ነው፤ ሕዝቡ በግብሩ አንድ ጊዜ ከፍሎበታልና። ሦስተኛውና ዋናው፣ የጣቢያዎቹ ነጻነት በሕግ እንዲጠበቅ ነው። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ለዚህ ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ሲሻሻል ግን የባለሥልጣኑን ቦርድና ኃላፊ አሰያየም የሚመለከቱ አንቀጾች ስለ ተቀየሩ ብርቱ ክርክር ተነሥቷል። ይህን ክርክር ለሕግ ተማሪዎች ብቻ ልንተወው አይገባም። ነጻነት የሌለው ጣቢያ በራዲዮም ተናገረ በስልክ፣ ያው ነጋሪት ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፣ በመጪው ዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ የከተማ ወሬ ከማውራታችን በፊት እናት አባቶቻችንን እንጠይቅ፦ በዚህ ሳምንት ምን ሰማችሁ? ከማን ሰማችሁት? ለመስማትስ ምን ከፈላችሁ? መልሳቸውን ጽፈን ብንመለስ፣ ስለዚህ ጉዳይ በኅብረቱ ስብሰባ ላይ የምንናገረው ፍሬ ያለው ይሆናል።