አብዱ፣ ገብሬ፣ ዳስ፦ በሰው ስም ውስጥ ያሉ የፈጣሪ መጠሪያዎች

በጂዛን ከተማ፣ በሳምጣ፣ በአቡ ዐሪሽና በጡዋል የድንበር አካባቢ በብዛት ከሚሰሙት የወንድ ስሞች አንዱ «አብዱ» ነው። ስሙ በየመን ጠረፍም፣ ባሕር ተሻግሮ በወሎና በሐረርም የተለመደ ነው። በኢትዮጵያ «አብዱ» አብዛኛውን ጊዜ የአብዱልቃድር ወይም የአብዱረሕማን ማሳጠሪያ ተደርጎ ይወሰዳል። በጂዛን ግን ራሱን የቻለ ሙሉ ስም ነው። በዐረብኛ ሲጻፍ መጨረሻው ላይ ያለችው «ሃ» «የእርሱ» የምትል ተውላጠ ስም ናት፤ ስለዚህ ትርጉሙ «የእርሱ ባሪያ» ይሆናል። «እርሱ» የተባለው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

በእስልምና የአላህ መልካም ስሞች በታዋቂው ሐዲስ 99 ተብለው ተጠቅሰዋል። ብዙዎቹ «ዐብድ» የሚለውን ቃል አስቀድመው የሰው መጠሪያ ሆነዋል፦ አብዱረዛቅ የሲሳይ ሰጪው፣ አብዱልሐኪም የጥበበኛው፣ አብዱልዋሒድ የአንዱ፣ አብዱሶመድ ሁሉ የሚመካበት ጌታ ባሪያ ማለት ነው። ከስሞቹ መካከል እንደ ከሪምና ለጢፍ ያሉት ለሰው ብቻቸውን ሊሰጡ ይችላሉ። «ረሕማን»፣ «ኻሊቅ» እና «ረዛቅ» ግን ለፈጣሪ ብቻ የተጠበቁ ናቸው። አብዱረሕማን የተባለን የሥራ ባልደረባ ለማሳጠር ሲባል «ረሕማን» ብሎ መጥራት በዐረብኛ ተናጋሪ ጆሮ የሚከብደው ለዚህ ነው፤ ባሪያውን ጥሎ የጌታውን ስም ለሰው መስጠት ይሆናል።

የአማርኛ ልማድ በዚህ ረገድ ጥንቁቅ ነው። ገብረ እግዚአብሔር «ገብሬ»፣ ወልደ ሚካኤል «ወልዴ»፣ ኃይለ መለኮት «ኃይሌ» ይባላል እንጂ የኋለኛው ክፍል ለብቻው አይጠራም። የግዕዙ «ገብር» እና የዐረብኛው «ዐብድ» ሁለቱም ባሪያ፣ አገልጋይ ማለት ናቸው። አብዱልመሊክ እና ገብረ አምላክ የተባሉ ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ቢያድሩ ስማቸው ከሞላ ጎደል አንድ መሆኑን ላያውቁት ይችላሉ፤ «መሊክ» እና «አምላክ» የወጡት ግዛትንና ንግሥናን ከሚያመለክት አንድ ሥር ነውና። በሴቶች ዘንድ ዝምድናው ይበልጥ ይቀርባል። የመኖች «አመቱረሕማን» ሲሉ ኢትዮጵያውያን «አመተ ሥላሴ» ይላሉ። «አመት» በሁለቱም ቋንቋዎች ሴት አገልጋይ ናት፤ እዚህ ላይ ትርጉሙ ብቻ ሳይሆን ቃሉም ያው ራሱ ነው።

ልማዱ ከሴም ቋንቋዎችም ውጭ ይገኛል። በደቡቡ ክልል ከኢትዮጵያውያን ጋር ጎን ለጎን ከሚሠሩት ሕንዳውያን መካከል ሂንዱ የሆኑት ቪሽኑ የተባለውን አምላካቸውን በአንድ ሺህ ስሞች የሚያወድስ ዝርዝር አላቸው፤ ማሃባራታ በተባለው ታላቅ የጥንት መጽሐፋቸው ውስጥ ይገኛል። ክሪሽና ጥቁሩ፣ ፓድማናባ ከእምብርቱ የሎተስ አበባ የወጣለት ማለት ነው። «ዳስ» ደግሞ በሳንስክሪት አገልጋይ ስለሆነ ራምዳስ የተባለ ሰው የራማ አገልጋይ መባሉ ነው። እምነቱ ፈጽሞ የተለያየ ነው፤ የስሙ አሠራር ግን አንድ ነው። በኦሮምኛ ስሞች የአገልጋይነቱ ቃል ይቀርና ዓረፍተ ነገር ይመጣል፤ ዋቅጅራ «ዋቃ አለ» ማለት ነው። «ዋቃ» ፈጣሪም ሰማይም ነው።

ሰማይን ከፈጣሪ ስም ጋር ማያያዝ ከቀይ ባሕር ግራና ቀኝ የቆየ ነገር ነው። የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና በቀደሙት ጽሑፎቹ አስታርን፣ ብሔርን፣ ምድርንና ማሕረምን ይጠራ ነበር። በአራተኛው መቶ ዘመን፣ እምነቱን ከለወጠ በኋላ ባስቀረጸው የግዕዝ ጽሑፍ ላይ ግን እነዚህ ጠፍተው «እግዚአ ሰማይ»፣ የሰማይ ጌታ፣ የሚል ስም ይነበባል። ዛሬ የምንጠቀምበት «እግዚአብሔር» የተሠራውም በዚሁ መንገድ ነው፤ «እግዚእ» ጌታ፣ «ብሔር» አገር፣ ዓለም ነው። በየመን የነበሩት ሒምያሮችም በዚያው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ በቋንቋቸው «የሰማይ ጌታ» ብለው መጻፍ ጀምረው ነበር። ቀጥሎ የገነነው ስም «ረሕማናን» ነው።

የዚህ ስም ምስክሮች ሩቅ አይደሉም። ከናጅራን በስተሰሜን በሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በሒማ፣ የአይሁድ እምነት ተከታዩ የሒምያር ንጉሥ የዩሱፍ ጦር አዛዥ እ.ኤ.አ. በ523 ያስቀረጸው ጽሑፍ ረሕማናንን ይጠራል። ያ ዓመት የናጅራን ክርስቲያኖች የተጨፈጨፉበት፣ የአክሱሙን ካሌብንም ባሕር ያሻገረው መከራ የደረሰበት ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን ዘልቆ በሚገኘው በሙረይጋን ጉድጓድ አጠገብ ደግሞ፣ ከአክሱም ሠራዊት ጋር መጥቶ በየመን የነገሠው ክርስቲያኑ አብርሃ እ.ኤ.አ. በ552 ዘመቻውን ሲያስመዘግብ «በረሕማናንና በመሲሑ ኃይል» ብሎ ጀመረ። ባላንጣዎቹ በሃይማኖት ቢለያዩም ፈጣሪን የጠሩበት ስም አንድ ነበር።

«ረሕማን» የወጣበት ሥር በዐረብኛ ማሕፀንንም ይጠራል፤ እናት ለልጇ ያላትን ርኅራኄ የሚያስታውስ ስም ነው። የቋንቋ ሊቃውንት የግዕዙ «ምሕረት» ከዚሁ ሥር ፊደላቱ ቦታ ተለዋውጠው የተገኘ ነው ይላሉ። «ፈጣሪ» እና «ፋጢር»ም እንዲሁ ይዛመዳሉ፤ የቁርኣን 35ኛ ምዕራፍ የሚጠራው በዚህ ስም ነው። ኢብን ዐባስ የቃሉን ፍቺ የተረዱት በአንድ የውኃ ጉድጓድ ከሚከራከሩ ሁለት ዘላኖች አንዱ «እኔ ነኝ የጀመርኩት» ለማለት ይህንኑ ግስ ሲጠቀም ሰምተው መሆኑን የጥንት ተፍሲሮች ይተርካሉ። ለአማርኛ ተናጋሪ ጉድጓዱ ዘንድ መሄድ ባላስፈለገው ነበር።

ይህ ዝምድና በሰነድ ላይ ሲደርስ ችግር ያመጣል። ዐረብኛ የ«ገ» ድምፅ የሚጻፍበት የራሱ ፊደል ስለሌለው «ገብረ» እንደ ጸሐፊው ልማድ በ«ቃፍ»፣ በ«ገይን» ወይም በ«ጂም» ይጻፋል። በ«ቃፍ» ሲጻፍ «ቀብሪ» ተብሎ ሊነበብ ይችላል፤ መቃብሬ ማለት ነው። በ«ጂም» መጻፉ የተሻለ ነው፤ ግዕዙ «ገመል» በዐረብኛ «ጀመል» እንደሆነ ሁሉ የ«ገ» ተፈጥሯዊ አቻ «ጂም» ነው። የቀደሙ ሙፈሲሮችም ጂብሪል በሚለው ስም ውስጥ «ጀብር» ባሪያ፣ «ኢል» አምላክ እንደሆነ አስረድተዋል፤ ስለዚህ በ«ጂም» የተጻፈው ስም ለዐረቡም ባዕድ አይሆንም።

ሁለተኛው ችግር የስም መከፈል ነው። ገብረ ሥላሴ በሁለት ቃል ሲጻፍ «ገብረ» የራስ፣ «ሥላሴ» የአባት ስም ሆኖ ሊመዘገብ፣ እውነተኛው አባት ወደ አያትነት ሊገፋ ይችላል። በኢቃማ፣ በባንክ ሒሳብና በሕክምና መድን ላይ ስሙ ከፓስፖርቱ ጋር ካልተስማማ ደመወዝ ማስተላለፍም ሆነ ገንዘብ ወደ ቤተሰብ መላክ ሊዘገይ ይችላል። ፓስፖርት ሲወጣ ወይም ሲታደስ ሁለቱን ቃላት አያይዞ ማስጻፍ አብዛኛውን ጣጣ ያስቀራል። ለመዝጋቢው ማስረዳት ካስፈለገ «እንደ አብዱረሕማን አንድ ስም ነው» ማለት ይበቃል። ማነጻጸሩ ግን ለማስረዳት ብቻ ነው፤ ስም በሰነድ ላይ በድምፁ ይገለበጣል እንጂ አይተረጎምም። ገብረ እግዚአብሔርን «ዐብደላ» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ ትርጉሙን ቢያገኘውም ሰውየውን ሌላ ሰው አድርጎታል።